ማጥፊያ ጂን የገባላቸው የለጋሽ ቲ ሴሎችና የመቅኒ ንቅለ ተከላ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ስለ መቅኒ ንቅለ ተከላ፣ በተለይም ጂናቸው ስለተለወጠ የለጋሽ ቲ ሴሎች ናቸው። መልስ የሚሰጡት በንቅለ ተከላና በሴል ዝግጅት ሙያ የተሰማሩ አባላችን ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እዚህ የተጻፈው የሚከታተልዎትን ሐኪም አይተካም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ዶክተር እንደምን ዋሉ። ወንድሜ ሉኬሚያ አለበትና መቅኒ እንዲተከልለት ተነግሮናል። ቀጥለው ደግሞ «የለጋሹ ሴሎች በሽተኛውን ሊያጠቁት ይችላሉ» አሉን። ሊያድነው የገባ ሴል እንዴት መልሶ ያጠቃዋል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ወንድምዎን ይማርልዎ። ከለጋሹ በሚመጣው ከረጢት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልጉን ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። አንደኛው ስቴም ሴል ነው፤ አዲሱን ደም የሚሠራው እሱ ነው። ሁለተኛው የበሰለ ቲ ሴል ነው፤ ሥራው የራሱ ያልሆነውን ለይቶ መግደል ነው። ወንድምዎ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ታዲያ «የራሱ ያልሆነው» ወንድምዎ ራሱ ይሆናል። ቆዳውን፣ አንጀቱንና ጉበቱን ይመታል። ሐኪሞቹ ጂቪኤችዲ የሚሉት ይህንን ነው።

አጣዳፊው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ውስጥ ይታያል። መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጆሮ አካባቢ የሚጀምር ሽፍታ፤ በአዋቂ ሰው በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር የሚያልፍ ውሃ መሳይ ተቅማጥ፤ ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ቢሊሩቢን በዴሲሊትር ከ2 ሚሊግራም በላይ መውጣት። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ።

ችግሩ ግን ይኸው ቲ ሴል ጎጂ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከኬሞቴራፒው ያመለጠውን የሉኬሚያ ሴል አሳድዶ የሚገድለውም እሱ ነው። ሲኤምቪ፣ ኢቢቪና አዴኖ የሚባሉትን ቫይረሶች የሚቆጣጠረውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቲ ሴሎቹን አጣርቶ መጣል አይቀልም ነበር?

መልስ፦ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተሠርቶበታል። ጂቪኤችዲው በእርግጥ ቀነሰ። በምትኩ ግን ንቅለ ተከላው አልይዝ ማለት፣ ኢንፌክሽንና የሉኬሚያው ተመልሶ መምጣት በዛ፤ በተለይ ሲኤምኤል በሚባለው ሉኬሚያ። አንዱን ሞት በሌላ ሞት መለወጥ ሆነ።

ለጋሹ ግማሽ ብቻ የሚዛመድ ከሆነ፣ ማለትም አባት፣ እናት ወይም ልጅ ሲሆን፣ ሌላ መከላከያ መድኃኒት ሳይሰጥ በተቀባዩ ኪሎ ከ50 ሺህ በላይ ቲ ሴል ማስገባት እንደ አደጋ ይቆጠራል። ከዚያ በታች የተጣራለት ሰው ደግሞ የራሱን ቲ ሴል እስኪያፈራ ብዙ ወራት ያለ መከላከያ ይቆያል። አዋቂ ከሆነ ቲ ሴል የሚሠለጥንበት የታይመስ ዕጢ ስለሟሸሸ ጊዜው ይረዝማል። በእነዚያ ወራት የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሉኬሚያው ሳይሆን ቫይረስና ፈንገስ ነው።

የጂን ሥራው የመጣው ከዚህ ነው። ስቴም ሴሉ ተጣርቶ ይሰጣል፤ ቲ ሴሉ ለብቻው ተወስዶ ማጥፊያ ጂን ይገባለትና ቆየት ብሎ ይጨመራል። ካጠቃ በመድኃኒት ይገደላል፤ ካላጠቃ ሥራውን ይቀጥላል።

ጥያቄ (የሕክምና ተማሪ፣ ጎንደር)፦ ማጥፊያው ጂን ራሱ ምንድን ነው? ከየት ተወስዶ ነው?

መልስ፦ ሁለት ትውልድ አለው።

የመጀመሪያው ከሄርፒስ ቫይረስ የተወሰደው ቲኬ ጂን ነው። ሚላን በሚገኘው የሳን ራፋኤሌ ሆስፒታል ተሠርቶ ውጤቱ በ1997 ታትሟል። ጂኑ የገባበት ሴል ጋንሲክሎቪር የተባለውን የቫይረስ መድኃኒት ወደ መርዝነት ይለውጠዋል፤ ሴሉ ሲከፋፈል መርዙ ዲኤንኤው ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል። መጠኑ በኪሎ በቀን 10 ሚሊግራም፣ ለሁለት ተከፍሎ ለ14 ቀናት ነው።

ይሠራል፤ ጉድለቶቹ ግን ቀላል አልነበሩም። የሚሞተው እየተከፋፈለ ያለ ሴል ብቻ ስለሆነ ቀናት ይፈጃል። ፕሮቲኑ የቫይረስ ስለሆነ የበሽተኛው መከላከያ ሲያገግም ጂን የገባላቸውን ሴሎች ለይቶ ሊያጠፋቸው ይችላል። ሦስተኛው በጣም የሚያናድደው ነው፦ ጋንሲክሎቪር የሲኤምቪ መድኃኒት ነው፣ ሲኤምቪ ደግሞ ከንቅለ ተከላ በኋላ በብዛት የሚመጣ ነው። ቫይረሱን ላክም ብለህ ስትሰጠው ያስገባሃቸውን ሴሎች ትገድላለህ። ስለዚህ ኩላሊት ወደሚጎዳው ሌላ የሲኤምቪ መድኃኒት፣ ወደ ፎስካርኔት፣ መዞር የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ትውልድ ሂውስተን ውስጥ በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ በማልኮም ብሬነር ቡድን ለሕክምና የበቃው አይካስፔዝ 9 ነው። ካስፔዝ 9 በማንኛችንም ሴል ውስጥ ያለ፣ ሴል ራሱን በራሱ ሲገድል ሂደቱን የሚያስጀምር ፕሮቲን ነው። ለመሥራት ሁለት ካስፔዝ 9 መጣመር አለባቸው። ቡድኑ የፕሮቲኑን የራሱን መጣመሪያ ቆርጦ አወጣና በቦታው ኤፍኬቢፒ 12 የሚባል ሌላ የሰው ፕሮቲን ተካ፤ እሱም 36ኛው አሚኖ አሲዱ ተለውጦ ነው። ሪሚዱሲድ የተባለው መድኃኒት ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል ነው። የተለወጠውን ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛል፣ ያልተለወጠውን ግን ከሞላ ጎደል አይነካም። ሁለቱን ካስፔዞች ሲያገናኛቸው ካስፔዝ 3 ይቀሰቀሳል፤ ሴሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። መከፋፈል አያስፈልገውም። ቁሱ በአብዛኛው የሰው ስለሆነ መከላከያው እንደ ባዕድ የማየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ጋንሲክሎቪርም ለሲኤምቪ ነጻ ሆነ።

ጥያቄ (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)፦ ዝግጅቱን ደረጃ በደረጃ ቢያስረዱን። ሲበላሽስ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

መልስ፦ እንደ ማዕከሉ ትንሽ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይህ ነው። ከለጋሹ ደም ነጭ ሴሎች ይሰበሰባሉ፤ ፊኮል በተባለ ፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ቲ ሴል ያለበት ሞኖኑክሌር ክፍል ይለያል። ቲ ሴሉ ላይ ያሉትን ሲዲ 3 እና ሲዲ 28 የተባሉ ምልክቶች በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይቀሰቀሳል፤ ሴሉን የሚያራባው ኢንተርሉኪን 2 በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይጨመራል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ ሴሎቹ መከፋፈል ሲጀምሩ፣ ጂኑን የተሸከመው ሬትሮቫይረስ ቫይረሱንና ሴሉን የሚያቀራርብ ሬትሮኔክቲን በተቀባ ከረጢት ወይም ሳህን ላይ ይሰጣቸዋል። ይህ ቫይረስ የሚገባው በሚከፋፈል ሴል ብቻ ነው፤ ቅስቀሳው ከደከመ ቀጣዩ ሁሉ ይደክማል። ቫይረሱን አቅልጦ መልሶ ማቀዝቀዝ ደግሞ ኃይሉን ይገድለዋል።

ከማጥፊያው ጂን ጋር አብሮ የሚገባ ምልክት አለ፤ ጅራቱ ተቆርጦ ሥራ የማይሠራ ሲዲ 19 ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማግኔታዊ ቅንጣት ያለው ፀረ ሲዲ 19 ተጨምሮ ሴሎቹ በማግኔት ዓምድ ውስጥ ያልፋሉ፤ ጂኑ የገባላቸው ይያዛሉ፣ ያልገባላቸው ይፈስሳሉ። የተያዙት ጥቂት ቀን ተራብተው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 10 ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ማራባት አይመከርም፤ ሴሉ ይበዛል፣ ነገር ግን ይደክማል፣ ቫይረስ የመለየት አቅሙም ይሳሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ንጽሕናው ላይ ያለውን ሒሳብ ነው። በሽተኛው 60 ኪሎ፣ መጠኑ በኪሎ 1 ሚሊዮን ጂን የገባላቸው ሴሎች ይሁን። 60 ሚሊዮን ያስፈልጋል ማለት ነው። ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ አብሮ የሚገባው ማጥፊያ የሌለው ሴል ወደ 6.7 ሚሊዮን ነው፤ በኪሎ 110 ሺህ ገደማ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ድንበር 50 ሺህ ነበር። ንጽሕናው 97 በመቶ ሲሆን በኪሎ ወደ 31 ሺህ ይወርዳል። እርግጥ በመራቢያ ፈሳሽ ውስጥ የቆየ ሴል ከትኩስ ሴል ይልቅ የማጥቃት አቅሙ ዝቅ ይላል፤ እንደዚያም ሆኖ በወረቀት ላይ 90 በመቶ «አልፏል» ቢባል እንኳ እኔ ቁጥሩን ወደ ኪሎ ቀይሬ ሳላይ አላሳልፈውም።

ሌላ ወጥመድም አለ። ቢ ሴል በተፈጥሮው ሲዲ 19 አለው። ቢ ሴሎች በመራቢያው ውስጥ ሳይጠፉ ከቀሩ ማግኔቱ እነሱንም ይለቅማል፤ መለኪያው ላይ «97 በመቶ ሲዲ 19» ይላል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቲ ሴል እንደሆነ ግን አይነግርህም። ስለዚህ የሚቆጠረው ሲዲ 3ንም ሲዲ 19ንም በአንድ ላይ የያዘው ሴል ነው።

ከመለቀቁ በፊት በሕይወት ያሉት ቢያንስ 70 በመቶ መሆናቸው፣ ባክቴሪያ፣ ፈንገስና ማይኮፕላዝማ አለመኖሩ፣ ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ መርዝ በገደቡ ውስጥ መሆኑ፣ ራሱን ማባዛት የሚችል ሬትሮቫይረስ አለመፈጠሩ፣ በአንድ ሴል የገባው የጂን ቅጂ ብዛት ከ5 በታች መሆኑ ይረጋገጣል። ማጥፊያው ራሱም ይፈተናል፦ ትንሽ ናሙና ከ20 ናኖሞላር ሪሚዱሲድ ጋር 24 ሰዓት ይቀመጥና የሞተው ሴል በአኔክሲን ምልክት ተለይቶ ይቆጠራል። እዚህ ከ90 በመቶ በታች የሞተበት ምርት በሽተኛው ላይ የተሻለ ይሠራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም።

ጥያቄ (ነርስ፣ ሪያድ)፦ እኛ ጋ የለጋሽ ሊምፎሳይት እንሰጣለን፤ ጂን የተለወጠውን ግን አይተን አናውቅም። አሰጣጡ ላይ ምን የተለየ ጥንቃቄ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብዛኛው አንቺ የምታውቂው ነው። በ37 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሁለት ሰው ማንነቱን ያመሳክራል፣ ከቀለጠ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ገብቶ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ሴሉ ሲቀዘቅዝ የተጨመረው ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሴሉን ስለሚጎዳ። በሽተኛው ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ጠረን ይሸተዋል፤ አስቀድሞ ቢነገረው አይደነግጥም።

ስህተት የሚሠራው በልማድ ነው። የንቅለ ተከላ በሽተኛ የሚሰጠው ደም ሁሉ በ25 ግሬይ ጨረር ይመታል፤ ይህ ከረጢት ግን ፈጽሞ አይመታም። ነጭ ሴል የሚያስቀር ማጣሪያ አይገጠምለትም፤ የምታስቀሪው መድኃኒቱን ራሱን ነው። ቅድመ መድኃኒት ሲታዘዝ ፀረ ሂስታሚንና ፓራሲታሞል ይበቃል። ሃይድሮኮርቲዞን በቋሚ ትእዛዝ ወረቀት ላይ ታትሞ ከሆነ ሰርዢው ወይም ሐኪሙን ጠይቂ፤ ስቴሮይድ ቲ ሴል ይገድላል።

ሐኪሙን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ለንቅለ ተከላው ሲዘጋጅ ቲ ሴል የሚያጠፉትን ኤቲጂ ወይም አለምቱዙማብ የወሰደ በሽተኛ ደሙ ውስጥ መድኃኒቱ ለሳምንታት ሊቀር ይችላል፤ አዲስ የገቡትንም ቲ ሴሎች ያጠፋቸዋል። «ሴሎቹ አልራቡም» ተብሎ ላብራቶሪው ሲወቀስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ማጥፊያው የሚነካው መቼ ነው? ምን ያህል መድኃኒት? ከዚያስ ሴሎቹ ሁሉ ይሞታሉ?

መልስ፦ መጠኑ በኪሎ 0.4 ሚሊግራም ሪሚዱሲድ፣ በደም ሥር በ2 ሰዓት ነው። ለ60 ኪሎ ሰው 24 ሚሊግራም። በ2011 በታተመው የሂውስተን ጥናት ጂቪኤችዲ ለታየባቸው 4 በሽተኞች አንድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ፣ ጂን ከገባላቸው ቲ ሴሎች ከ90 በመቶ በላይ በ30 ደቂቃ ውስጥ ጠፉ። ሽፍታውና ቢሊሩቢኑ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ጤናማው ተመለሰ፤ በሽታውም አላገረሸም። ለማነጻጸር፣ መደበኛው ሕክምና በኪሎ በቀን እስከ 2 ሚሊግራም ሜቲል ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ነው፤ ያም ሆኖ ግማሽ ያህሉ በቂ ለውጥ አያሳዩም። ስቴሮይዱ ደግሞ በሽታውን ከመላው መከላከያ ጋር ነው የሚያዳክመው።

የሚቀሩት ጥቂቶቹስ? መልካሙ ዜና የሚገኘው እዚህ ነው። ማጥፊያው ጂን በብዛት የሚሠራው በተቀሰቀሰ ሴል ውስጥ ነው። ጂቪኤችዲ ሲነሳ የተቀሰቀሱት አጥቂዎቹ ስለሆኑ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ጸጥ ያሉት ይተርፋሉ፤ ቆይተው ይራባሉ። ሂውስተን የተከታተላቸው በሽተኞች ላይ የተረፉት ሴሎች ቫይረስ የመለየት ችሎታቸው አብሯቸው ነበር።

ከመስጠት በፊት ግን ሁለት ነገር መጣራት አለበት። አንደኛ፣ በእርግጥ ጂቪኤችዲ ነው ወይ? ተቅማጡ የሲኤምቪ ወይም የክሎስትሪዲየም ሊሆን ይችላል፣ ሽፍታውም የመድኃኒት፤ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ደሙ ውስጥ ካሉት ቲ ሴሎች ስንቱ ሲዲ 19 አለው? የሚያጠቁት ጂን ያልገባላቸው ከሆኑ ሪሚዱሲድ ምንም አይፈይድም፤ ቀጥታ ወደ ስቴሮይድና ሩክሶሊቲኒብ ወደተባለው የጂቪኤችዲ መድኃኒት ነው መሄድ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በየሆስፒታሉ አናገኘውም?

መልስ፦ በርካሽ መድኃኒት ተቀድሞ ነው። ይህ የእኔ ግምገማ ነው፤ ታሪኩን ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ።

የሚላኑ ቲኬ ሴል ዛልሞክሲስ በሚል ስም በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት በቅድመ ሁኔታ ፈቃድ አገኘ፤ ግማሽ ተዛማጅ ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው አዋቂዎች። መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊዮን ያህል ሴል ሆኖ፣ ከንቅለ ተከላው ከ21 እስከ 49 ቀን ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ በወር ልዩነት እስከ 4 ጊዜ ይሰጥ ነበር። ቅድመ ሁኔታው ትልቁን ንጽጽር ጥናት መጨረስ ነበር። ጥናቱ ከበሽታ ነጻ ሆኖ በመኖር ላይ ጥቅም ስላላሳየ ምርቱ በ2019 ከገበያ ወጣ።

የሂውስተኑን ማጥፊያ ቤሊከም የተባለው ኩባንያ ቢፒኤክስ 501 ብሎ ይዞት ቀጠለ። ሮም በሚገኘው የባምቢኖ ጄሱ የሕፃናት ሆስፒታል ስቴም ሴሉ አልፋ ቤታ ከሚባሉት ቲ ሴሎችና ከቢ ሴሎች ይጣራ ነበር፤ ጋማ ዴልታና ኤንኬ የሚባሉት ሌሎቹ ተከላካይ ሴሎች አብረው ይሰጡ ነበር። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በኪሎ 1 ሚሊዮን ማጥፊያ ያለው ቲ ሴል ይጨመር ነበር። በ2018 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ በሽተኞች የአንጎል ሕመም ስለታየባቸው የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሙከራውን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ እገዳው ተነሳ። ሆኖም ምርቱ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ።

በዚህ መሃል ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የተጀመረው ዘዴ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ሳይክሎፎስፋማይድ አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን በኪሎ 50 ሚሊግራም ሲሰጥ፣ በዚያ ሰዓት በፍጥነት እየተከፋፈሉ ያሉት አጥቂ ቲ ሴሎች ይሞታሉ፤ ስቴም ሴሉ መድኃኒቱን የሚያመክን ኤንዛይም በብዛት ስላለው ይተርፋል። የሴል ፋብሪካ አይፈልግም፣ የጂን ፈቃድ አይፈልግም። ማጥፊያው እንደሚሠራ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ በሽተኛ ለብቻው የሚመረት ምርት ከአንድ ብልቃጥ ጋር በዋጋ መወዳደር አልቻለም። የሳይክሎፎስፋማይዱ ጉድለት ተመርጦ አለመስጠቱ ነው፤ ሁሉም በሽተኛ ይወስደዋል፣ ቢያጠቃውም ባያጠቃውም። ሪሚዱሲድ የሚሰጠው ለተጠቃው ብቻ ነው።

ማጥፊያው ራሱ አልተጣለም። በሮም 27 ልጆች ላይ ኒውሮብላስቶማ ለተባለው የልጆች ካንሰር የተሞከረውና በ2023 የታተመው የካር ቲ ሴል፣ ማለትም ካንሰርን እንዲለይ ጂኑ የተለወጠ ቲ ሴል፣ አይካስፔዝ 9 ተገጥሞለት ነው የተሠራው። ሪሚዱሲድን ትተው በፋርማሲ በሚገኘው ሲሮሊመስ የሚነሳ ማጥፊያ የሠሩም አሉ፤ ለእኔ ይህኛው የበለጠ ተስፋ አለው።

ጥያቄ፦ የገባው ጂን ራሱ ካንሰር አያመጣም? ወደ ልጆቹስ ይተላለፋል?

መልስ፦ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ የገባው በደም ሴል ውስጥ እንጂ በዘር ሴል ውስጥ አይደለም። ለጋሹንም አይነካውም፤ ከሱ የሚወሰደው ደም ብቻ ነው።

የካንሰሩ ሥጋት ግን ባዶ ወሬ አይደለም። ሬትሮቫይረስ ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ አስቀድሞ መወሰን አይቻልም። ፓሪስ ውስጥ መከላከያ የሌላቸውን ሕፃናት ለማከም ስቴም ሴላቸው ውስጥ ጂን ሲገባ፣ ከ2002 ጀምሮ አንዳንዶቹ ላይ ሉኬሚያ መጣ። የበሰለ ቲ ሴል ከስቴም ሴል ይልቅ ለዚህ በጣም የሚቋቋም ነው። እንደዚያም ሆኖ ኤፍዲኤ በ2024 ለካር ቲ ሴል መድኃኒቶች የቲ ሴል ካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል፤ እንዲህ ያለ ሴል የወሰደ ሰው እስከ 15 ዓመት ክትትል የሚደረግለትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከአሽዶድ፣ እስራኤል)፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። በመዝገብ ሙሉ ተዛማጅ ለጋሽ አልተገኘለትም። ከኢትዮጵያ ስለመጣን ነው ይሉናል። እንዲህ ያለው የጂን ሕክምና ለኛ መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ እናቴ፣ የተነገረዎት እውነት ነው። መከላከያው የራሱንና የባዕዱን የሚለይበት ኤችኤልኤ የሚባል የሴል ምልክት በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለሆነ ተዛማጅ የሚገኘው በብዛት ከራስ ወገን ነው። በአሜሪካው መዝገብ ነጮች ሙሉ ተዛማጅ የማግኘት ዕድላቸው 79 በመቶ ሲሆን ጥቁሮች 29 በመቶ ነው። በእስራኤል የኤዘር ሚጽዮን መዝገብ ትልቅ ቢሆንም ከማኅበረሰባችን የተመዘገበው ሰው በበዛ ቁጥር ነው የሚጠቅመን። ለመመዝገብ የጉንጭ ውስጥ ናሙና ይበቃል፤ ወጣቶቹን አሳስቧቸው።

ለልጅዎ ግን መዝገቡን መጠበቅ ግዴታ አይደለም። እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት ሙሉ የመዛመድ ዕድሉ 25 በመቶ፣ ግማሽ የመዛመድ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እርስዎና አባቱ በግማሽ ትዛመዱታላችሁ። ስለ ጂኑ ሕክምና አይጨነቁ፤ ዛሬ በየማዕከሉ በግማሽ ተዛማጅ የሚሠራው በሳይክሎፎስፋማይድ ነው። ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቁልኝ።

«በለጋሹ ላይ ያነጣጠረ ፀረ ኤችኤልኤ ፀረ እንግዳ አካል አለው ወይ?» ልጅዎ ብዙ ደም ወስዶ ከሆነ ሊኖረው ይችላል፤ ያልታየ ፀረ ኤችኤልኤ ንቅለ ተከላው እንዳይዝ ያደርጋል። ካለው ሌላ ለጋሽ ይመረጣል፣ ወይም አስቀድሞ እንዲቀንስ ይደረጋል።

«ስቴሮይድ እንዳይሰጠው ማን ይቆጣጠራል?» ስቴም ሴሉ ከገባበት ሰዓት እስከ ሁለተኛው ሳይክሎፎስፋማይድ ማግስት ድረስ ዴክሳሜታዞን ለማስታወክ እንኳ አይሰጥም፤ አጥቂዎቹ እንዲከፋፈሉ ነው የሚፈለገው፣ ካልተከፋፈሉ መድኃኒቱ አያገኛቸውም። በእነዚያ ቀናት ትኩሳት እስከ 39 እና 40 ሊወጣ ይችላል፤ የተለመደ ነው፣ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፣ በስቴሮይድ ግን አይመታም። መከላከያን የሚያዳክሙት ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት የሚጀምሩት በ5ኛው ቀን ነው። ፊኛው እንዳይደማ ብዙ ፈሳሽና ሜስና አብሮ ይሰጣል፤ ሽንቱ ከቀላ ወዲያው ይናገሩ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኔ የሲኤምኤል ታማሚ ነኝ፣ ኢማቲኒብ እወስዳለሁ። ለንቅለ ተከላ ወደ ህንድ ልሂድ እያልኩ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ መድኃኒቱ እየሠራልዎ ከሆነ አይሂዱ። ኢማቲኒብ ለሲኤምኤል ከንቅለ ተከላ ይቀድማል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ ፕሮግራም ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ለዚህ ነው። በደም ውስጥ የቀረውን ሲኤምኤል የሚለካውን፣ ቢሲአር ኤቢኤል የሚባለውን ምርመራ ያስደርጉ። ኢማቲኒብ ካልያዘው ቀጣዮቹ እንክብሎች አሉ፤ ንቅለ ተከላ የሚታሰበው እነሱም ካልሠሩ፣ ወይም በሽታው ወደ አጣዳፊ ደረጃ ከተሻገረ ነው።

ጥያቄ (ከመጀመሪያዋ ጠያቂ)፦ ዶክተር፣ ወንድሜ ውጭ ሄዶ እንዲታከም ወስነናል። ከመሄዱ በፊት እዚህ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደሙ ላይ እንጀምር። ሆስፒታሉ ዘመድ ደም እንዲሰጥ ከጠየቀ፣ ለመቅኒ ለጋሽነት የታሰባችሁት ወንድሞች፣ እህቶችና ወላጆች ለእሱ ደም አትስጡ። የእናንተን ደም ከወሰደ ሰውነቱ በእናንተ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራና በኋላ መቅኒያችሁን ሊገፋ ይችላል። ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ይስጥ።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ፤ ተደብቆ ያለ ቲቢ ስቴሮይድና ታክሮሊመስ ሲጀመር ይነሳል። ሄፓታይተስ ቢ ይታይ፤ የድሮ ኢንፌክሽን ምልክት እንኳ ቢሆን ይመዝገብ፣ እንዳይነሳ ኢንቴካቪር ሊያስፈልገው ይችላል። ስትሮንጂሎይዲስ የተባለው የአንጀት ትል በአገራችን ብዙ ነው፣ በውጭ ሐኪሞች ዘንድ ግን ሊረሳ ይችላል። ስቴሮይድ የጀመረ ሰው ላይ ትሉ በሰውነት ውስጥ ተራብቶ ሳንባ ድረስ ይደርሳል፣ ይገድላልም። በኪሎ 200 ማይክሮግራም አይቨርሜክቲን አስቀድሞ ቢሰጠው ይከላከለዋል፤ ሐኪሙ እንዲያዝለት ጠይቁ።

ጥርሱ ይታይ፤ የሚነቀል ካለ ደሙ ሲፈቅድ እዚሁ ይነቀል። የኤችኤልኤ ምርመራ የእሱም የእናንተም ከመጓዛችሁ በፊት ተሠርቶ ከሆነ የውጤቱን ሙሉ ወረቀት ያዙ። የተሰጠውን የኬሞቴራፒ ዓይነትና መጠን፣ የወሰደውን ደም ብዛት ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ አጽፉ፤ ለጋሹም ፓስፖርቱን አሁኑኑ ያውጣ።